ከፊቱ በፊት ጀርባው

የጥንት ሳንቲሞችን የመለየት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሳንቲም እጄ ሲገባ ቀድሜ የማየው የንጉሡን ፊት ነበር። ከቆስጠንጢኖስ ዘመን ወዲህ በተመቱት የሮም ነሐሶች ግን ፊት ብዙም አይረዳም። ነገሥታቱ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ የዕንቁ ዘውድ፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ አፍጥጦ የቀረ ዓይን። የቆስጠንጢኖስ ሦስት ልጆችማ ስማቸው ሳይቀር ይምታታል። ሁሉም «ቆንስታን» ብለው ይጀምሩና የሚለያዩት መጨረሻው ላይ ነው፤ ዝገት አብዝቶ የሚበላው ደግሞ ጠርዙን ነው።

አሁን ገልብጬ እጀምራለሁ። ፊደል ባይተርፍ እንኳ የሰው አቋቋም ይተርፋል። ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመው በመካከላቸው ሁለት ሰንደቅ ካለ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 335 አካባቢ የተመታ ነው። ሰንደቁ አንድ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። ሳንቲሙ ራሱም ያኔ ስላነሰ፣ ሥዕሉ ሲያጠራጥረኝ ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ከ348 ጀምሮ የመጣውን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ብዳስሰው የምለየው ነው። ጋሻ የያዘ እግረኛ ከፈረሱ የሚወድቅ ሰው በጦር ይወጋል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ እዚህ ተወጊው ፈረሰኛው ነዋ! አብዛኞቹ የዳግማዊ ቆንስታንቲዩስ ናቸው። ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ ላኩት ያለው ንጉሥ እሱ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከአፈሩ ሥር ብቅ ሲል እንደ ሩቅ ዘመድ ነው የማየው።

ከሥዕሉ እግር በታች ካለችው መስመር ሥር የተመታበት ከተማ ይጻፋል። «አሌ» እስክንድርያ፣ «አንት» አንጾኪያ። «ኮንስ» ቁስጥንጥያ ነው፤ «ኮንስት» ከሆነ ግን አርል ናት፣ በደቡብ ፈረንሳይ፤ ያኔ ኮንስታንቲና ትባል ነበር። አንዲት ፊደል ባሕር ታሻግራለች። የመምቻ ክፍሉ ምልክትም ይረዳል፤ በቁስጥንጥያ በግሪክ ፊደል ከኋላ፣ በአርል በላቲን ፊደል ከፊት ይመጣል።

አንድ ጊዜ እስከ «ኮንስ» ድረስ የሚነበብ ሳንቲም ይዤ፣ ቀጥሎ ያለውን አረንጓዴ ዝገት በመርፌ መጫር ጀመርኩ። አጉሊ መነጽሩ ሥር ዝገቱ ቅርፊት ሆኖ ተነሣ፤ ከሥሩ ያገኘሁት ቀይ ዱቄት ብቻ ነው። ፊደል ከነበረም የነበረው ቅርፊቱ ላይ ነበር። ከፊት ያለው ጠርዝ ቀድሞውኑ ተሰብሯል። ፖስታው ላይ «ቁስጥንጥያ ወይም አርል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ደግሞ፣ በደቃቁ፣ «በመርፌ ተነክቷል»።