ባለማዕዘን ፊደልና የቡሬ ስም

የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ፊደልን የሚሥሉት ጥቃቅን ባለአራት ማዕዘን ነጥቦችን እየደረደሩ ነበር። ያ ዘመን ቢያልፍም መልኩ በጌጥነት ተመልሷል፤ ዛሬ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በሱቅ ሰሌዳና በመብራት በሚጻፍ ማስታወቂያ ላይ ወፍራምና ባለማዕዘን ሆኖ የተነደፈ የአማርኛ ፊደል እናያለን። ያማረ ነውን? ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ይነበባልን? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ማዕዘንነቱን አንነቅፍም፤ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን በአክሱም የተቀረጹትን ጽሕፈቶች የተመለከተ ሰው፣ ፊደላችን በብርዕ ብቻ ሳይሆን በመሮም ቀጥ ብሎ መቆሙን ይረዳል። በ፣ ሰ፣ ለ እና ሐ በእግራቸው የሚቆሙ ስለ ሆኑ ይህ አነዳደፍ ይስማማቸዋል። እንዲያውም በ፣ ስሙ ቤት እንደ ሆነ ሁሉ፣ መልኩም ቤት ይሆናል።

ችግሩ ያለው ከቅጥያው ላይ ነው። ለምሳሌ የቡሬን ስም እንውሰድ፤ የጎጃሟን ሳይሆን ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የኢሉባቦሯን ቡሬ ማለታችን ነው። ቡ ከቢ የሚለየው ቅጥያው ከእግሩ ወገብ ላይ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ሬም ከሪ የሚለየው በቀለበቱ ነው። ነዳፊው መስመሩን ለማወፈር ሲል የወገቡን ቅጥያ ወደ ታች ካወረደና የቀለበቱን ቀዳዳ ከደፈነ፣ ቡሬ «ቢሪ» ሆና ትቀራለች። የአገሩ ሰው ስሙን በግምት ያገኘዋል፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳና ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ግን በምን ይገምታሉ?

ነገሩ በቁጥርም ይታያል። ለላቲን ፊደል የተለመደው የመብራት ሰሌዳ ለአንድ ፊደል 5 ዐምድና 7 ረድፍ ነጥብ ይሰጣል። ሐ ሦስት እግር ስላለው፣ በእግሮቹ መካከል ክፍተት ሲተው 5ቱም ዐምዶች ያልቃሉ። ሔን ለመጻፍ ደግሞ፣ ቀለበቱ ቀዳዳ እንዲኖረው ቢያንስ 2 ዐምድ መጨመር ያስፈልጋል። እንግዲህ ለ26 ፊደላት የተሰፋ ልብስ፣ 33 በ7 ሲባዛ 231 ለሚሆነው ገበታችን እንደማይበቃ ግልጽ ነው።

በጽሕፈት መኪና ዘመን ቁልፎቹ ስለማይበቁ ቅጥያውን ከፊደሉ ለይቶ መምታት ግድ ነበር፤ ስለዚህ የጽሕፈቱ መዛባት ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ሆሄያችን የራሱን ቦታ ከሰጠ ወዲህ ግን ያ ምክንያት ቀርቷል። የቀረው የነዳፊው ትጋት ነው።

ስለዚህ ነዳፊዎቻችንን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው፤ አስቀድመው ለቅጥያው ቦታውን ይስጡ፣ ከዚያ በኋላ ፊደሉን እንደ ወደዱ ያወፍሩት። የጥንቱ ጠራቢ በጠንካራ ድንጋይ ላይ ቅጥያን ለይቶ ከቀረጸ፣ በብርሃን የሚጽፈውን የዛሬውን ሰው ምን ያግደዋል?