አሮጌ ጠመንጃ፣ አዲስ ጥይት

ስናድር የተባለውን ጠመንጃ አገላብጦ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከቱቦው ግርጌ ላይ ይያዛል። ቱቦው ሰደፉ ዘንድ ሊደርስ ሲል ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ፣ በምትኩ ሌላ ብረት በጥርስ ተጠምዶበታል። የቀረው ሁሉ፣ እንጨቱም ምላጩም መዶሻውም፣ በአፉ ባሩድና እርሳስ ሲጎርስ የኖረው የእንግሊዞች ኤንፊልድ ነው። በአዲሱ ብረት ላይ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ቀኝ የሚገለበጥ ድፍን ጉማጅ አለ። ከፍቶ ማጉረስ፣ ዘግቶ መተኮስ ነው። ከተኮሱ በኋላ ክዳኑን ከፍተው ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለሁን ይዞ ይወጣል፤ ሲለቁት ሞላው ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ጠመንጃውን ገልበጥ ሲያደርጉት ቀለሁ ዱብ ይላል።

እኔን የሚደንቀኝ በክዳኑ ውስጥ ያለፈው መርፌ ነው። አሮጌው መዶሻ የሚወርደው በቀኝ ጎን ነው፤ የአዲሱ ጥይት ማቀጣጠያ ያለው ደግሞ ቂጡ መሀል ላይ። መዶሻውን ወደ መሀል እናምጣ ቢባል ጠመንጃው እንዳለ መፍረሱ ነበር። ስለዚህ ጉማጁ በሰያፍ ተሰረሰረና መርፌው በዚያ አለፈ፤ በጎን ሲመታ መሀል ይወጋል። አሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር ያፈለቀውን ይህን ዘዴ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1866 ተቀበለው፤ ባለቤቱ ግን የድካሙን ዋጋ በቅጡ ሳያይ በዚያው ዓመት ሞተ።

የመርፌውን ሥራ እኛ ቀድመን ቀመስነው። በ1868፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ጋፋት ላይ የቀለጠውን ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ እስከ መቅደላ ጎትተው አድርሰው ነበር። ከእንግሊዞች ወገን የመጣው ግን በደቂቃ ሦስት ጊዜ ሲተኩስ ኖሮ ዐሥር ጊዜ ያህል መተኮስ የጀመረ አሮጌ ጠመንጃ ነው።

ሽጉጥ ላይ ሥራው ይብሳል፤ ቦታው ጠባብ ነዋ። የኮልት ሽጉጥ ተሽከርካሪ ጎራሽ ስድስት ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዶቹ ከኋላ ድፍን ነበሩ። ከዳር እስከ ዳር የተበሳው ጎራሽ በሮሊን ዋይት ፓተንት ስለተያዘ ኮልት እስከ 1869 እንዲህ ያለውን ጎራሽ መሥራት አልቻለም። ከዚያ በኋላ የኮልቱ መሐንዲስ ቻርልስ ሪቻርድስ የጎራሹን ኋላ ገዝግዞ ጣለና፣ በቆረጠው ልክ ማጉረሻ በር ያለው ቀለበት ተካበት። የጉድጓዱን ስፋት እምብዛም አልነካውም። ስለዚህም ጥይቱ ለጉድጓዱ ተገዛ፦ እርሳሱ በውጭ ከቀለሁ እኩል ወፍራም ሆነ፤ ቂጡ ብቻ ቀጥኖ ቀለሁ ውስጥ ገባ። ትንሽ ነገር ናት፤ ያለ እርሷ ግን የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነበር።

ካርቱም ላይ ነገሩ ተገላበጠ። እዚያ ጠመንጃው ደህና ነው፤ የጠፋው ጥይቱ ነው። የግብፅ ጦር የያዘው ሬሚንግተን ነበር፤ ጉንደትና ጉራ ላይ ከተማረከው እኛም እናውቀዋለን። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በ1884 በሱዳኑ ማህዲ ሰዎች ሲከበብ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ያለው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጥይቱንም ይሠራ፣ የእንፋሎት ጀልባዎቹንም ይጠግን ነበር። በጥር 1885 ከተማይቱ ወደቀች፤ የማህዲ ተተኪ ኸሊፋ አብዱላሂም በኋላ ሰዉን ሁሉ ወደ ኦምዱርማን አሻገረ። ከተማው ሲፈርስ ግምጃ ቤቱና የጀልባ መጠገኛው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ የግምጃ ቤቱ ባለሙያዎች የተተኮሰ ቀለህ እየለቀሙ ይሞሉ ጀመር። ሞልቶ መክደን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀለህ ሲተኮስ ይነፋል፤ እንደነበረ ካልጠበበ ተመልሶ አይገባም፣ ወይም ገብቶ የሬሚንግተኑን መዝጊያ አያስዘጋም። አፉ ከተሰነጠቀ ይጣላል። ማቀጣጠያው ጠልቆ ከገባ ይከሽፋል፣ ወጣ ካለ ደግሞ ሳይፈለግ ይፈነዳል። ይህን ሁሉ የውጭ ዕቃ በማይገባበት አገር፣ በእጅና በቀሩት ማሽኖች መሥራት ነው። ለባሩዱ የሚያስፈልገውን ጨው እንኳ ከአፈር አጥበው ያወጡት ነበር፤ ጀርመናዊው እስረኛ ቻርልስ ኖይፌልድ በዚሁ ሥራ ተመድቦ ነበር። ከስናይደርም ከሪቻርድስም ይልቅ ለእነዚህ እጄን አነሣለሁ፤ ሁለቱ ከኋላቸው ፋብሪካ ነበራቸው።



የተዋጊዎቹን አንድ ሥራ ግን አልወድም። የማህዲ ተዋጊዎች ለእጅ እንዲቀል ብለው ብዙውን ሬሚንግተን ቱቦውን አሳጥረውታል። በእጅ የተሠራው ባሩድ ቀድሞውንም ደካማ ነው፤ እርሳሱን ለመግፋት ረጅም ቱቦ ይፈልጋል። ግምጃ ቤቱ በትዕግሥት የመለሰውን ጉልበት መጋዝ ከፊት በኩል ቆርጦ ጣለው።