ሞላው ከመጥበቁ በፊት

ማሽኑ ጋራዡ ውስጥ አድሯል። ጋሼ ከሥሩ የተጋገረው በረዶ ቀልጦ ተንጠባጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ስለ ኋላ እግሩ ምንም አይናገሩም። በረዶ የያዘው ክንድ የተበላሸ ክንድ ይመስላል። ጠዋት ስገባ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ስኖውሞቢሉ ግን ደርቆ፣ የኋላ መከላከያው ለእጅ ዝግጁ ሆኖ ቆሟል።

ያለነው ሰሜን ሚኒሶታ ነው። ከዚህ ወደ ካናዳ ድንበር ጠጋ ብላ ያለችው ሮዞ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እነዚህን ማሽኖች ስትሠራ ኖራለች። ኩቤክ ውስጥ ደግሞ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲዬ በ1959 ቀላሉን ስኪዱ ለገበያ አቅርቧል። የዚያን ዘመን ብዙ ማሽኖች የሚሄዱት ሞላ በተገጠመላቸው ትንንሽ ጎማዎች ላይ ነበር። በጎማዎቹ ፈንታ ሐዲድ የተለመደው በኋላ ነው። ጋሼ ሙያውን የጀመሩት አዲስ አበባ፣ የጭነት መኪና ባሌስትራ እየፈቱ ነው። ዛሬም በእንግሊዝኛው ጋራዥ ውስጥ ሞላ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ እያሉ ነው የሚሠሩት፤ እኔም ከእርሳቸው ጋር ስሆን እንደዚያው እላለሁ።

የማሽኑ ባለቤት አቤቱታ ሁለት ነበር። ጉብታ ላይ ከኋላ ወገቡን ይመታዋል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የፊት ስኪዎቹ በረዶውን አይነክሱም፤ መሪው ዞሮ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሞላውን እስከ መጨረሻው አጥብቆታል። ለውጥ የለም።

ከወንበሩ በታች ያለውን ነገር ላላየ ሰው እንዲህ ነው። ዋሻ የመሰለ የአልሙኒየም አካል አለ። በውስጡ የጎማ ሰንሰለት ይዞራል፤ የዚህኛው ዙሪያው 348 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 38 ሴንቲ ሜትር ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ሁለት የአልሙኒየም ሐዲዶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሐዲዶቹን ከዋሻው ጋር የሚያያይዟቸው ሁለት ክንዶች ናቸው፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። እያንዳንዱ ክንድ የራሱ ሾክ አለው። የኋላው ክንድ በተጨማሪ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ተጠምዛዥ ሞላ ተሸክሟል። የግራው ሞላ የቀኙ የመስተዋት ምስል ስለሆነ ቦታ አይለዋወጡም። የፊተኛው ክንድ ከተወሰነ በላይ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው ደግሞ ቀበቶ ነው። ጠንካራ፣ ጠፍጣፋ፣ በጫፉ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ከወገብ ቀበቶ እምብዛም የማይበልጥ ነገር።

ጋሼ መፍቻ አላነሱም። ሜትር አመጡ። የኋላ መከላከያውን ይዘው ከፍ አደረጉትና ቀስ ብለው፣ በእጃቸው እየተከተሉ፣ ራሱ እስኪቆም ለቀቁት። ከወለሉ እስከ መከላከያው ለኩ። ከዚያ በክብደታቸው ወደ ታች ተጫኑትና እንደገና በእጃቸው እየተከተሉ ወደ ላይ እንዲመለስ ተዉት። ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች በ4 ሴንቲ ሜትር ተለያዩ።

ጤነኛ ማሽን ከላይም ከታችም ቢመጣ የሚያርፈው አንድ ቦታ አካባቢ ነው። ሁለት ማረፊያ ያለው ማሽን ውስጥ የሚይዝ ነገር አለ። ሞላው ይገፋል፤ የሆነ መጋጠሚያ አልላወስም ይላል። ይህን ለማወቅ አንድም ብሎን አልተፈታም። እኔ ብዙ መሣሪያ የታጠቁ ጋራዦች አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ርካሽና ትክክለኛ ምርመራ ግን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ሾኩ ይሆን?» አልኳቸው።

«ሾኩ ተራው አልደረሰም። መጀመሪያ ጫማውን እንየው።»

ጫማ የሚሉት ከሐዲዱ ሥር በቁመቱ ሙሉ የተሰካውን የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ጠጣር ፖሊኢትሊን ነው። የጎማው ሰንሰለት በውስጠኛው ፊቱ የብረት ቅንጥቦች አሉት፤ ቅንጥቦቹ የሚንሸራተቱት በዚህ ጫማ ላይ ነው። ቅባቱም ማቀዝቀዣውም በረዶው ራሱ ነው። በረዶ በሌለበት መንገድ ሲሄድ ጫማው ይግላል፣ ይቀልጣል። በጎኑ ላይ የተሰመረ መስመር አለ፤ ፕላስቲኩ እስከዚያ ካለቀ መቀየር አለበት።

ማሽኑን በገመድ ከኋላ አነሳነው። ጋሼ ካሊፐር ይዘው ከፊት ወደ ኋላ፣ በየስንዝሩ፣ ውፍረቱን ለኩ። ከመካከል እስከ ኋላ ጫፍ ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው። ፊት ለፊት፣ ሐዲዱ ወደ ላይ መጉበጥ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ጫማው ተበልቷል። መስመሩ ላይ ሊደርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። በግራና በቀኝ እኩል ነው የተበላው፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ወደ አንድ ጎን አልተሳበም። ሸክሙ ወደ ፊት ነው የመጣው።

የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ቀበቶው አዞሩ። ቀበቶው አልተበጠሰም። ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ግን ክብ መሆኑን ትቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል፤ ጨርቁም ተለጥጧል። ቀበቶው ሲረዝም የፊተኛው ክንድ የበለጠ ይወርዳል። ክንዱ ሲወርድ የሐዲዱን ፊት መሬት ላይ ይጫናል፣ የማሽኑንም ፊት በዚያው ልክ ያቀልለዋል። ስኪዎቹ ያልነከሱት ለዚህ ነው። ባለቤቱ የኋላ ሞላውን ማጥበቁ ከመነሻው ስሕተት አልነበረም፤ ኋላው ከፍ ሲል ክብደት ወደ ስኪዎቹ ይገፋል። ነገር ግን የወረደው የፊተኛው ክንድ ፊቱን እየደገፈ፣ ኋላውም ተይዞ እያለ ማጥበቁ የቱም ጋ አይደርስም።

የቀረው የሚይዘውን መጋጠሚያ ማግኘት ነው። የሰንሰለቱን መወጠሪያ አላልተው፣ ማሽኑን ካርቶን ላይ በጎኑ አስተኝተው፣ ሙሉውን ዕቃ ከዋሻው ጋር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈቱ። ሐዲዶቹ ከነክንዶቻቸው ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሞላዎቹን ሲያላቅቁ ፊታቸውን ከጫፉ መንገድ አርቀው ነበር፤ የተጠመዘዘ ሞላ ድንገት ካመለጠ ጣት ይሰብራል። ከዚያ ሾኮቹ ተፈቱ።

አሁን የሾኩ ተራ ደረሰ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወቅሰው እርሱን ነውና ጋሼ በተለየ ጥንቃቄ ያዩታል። ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ጠረጉ፤ ዘይት አልወጣም። በብርሃን ላይ አዞሩት፤ ጭረት የለም። ጫፉን ጠረጴዛው ላይ አቁመው በሁለት እጅ ተጫኑት። ከመጀመሪያው ሚሊ ሜትር ጀምሮ እኩል ተቃወመ፣ ሲለቁት ውስጡ ያለው የናይትሮጅን ጋዝ ቀስ ብሎ መለሰው። መጀመሪያው ላይ ባዶ ቦታ ቢኖር ወይም የአረፋ ድምፅ ቢሰማ ዘይትና ጋዙ ተቀላቅለዋል ማለት ነበር። አልነበረም። ሾኩን ጠርገው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ያለ ሞላና ያለ ሾክ የቀረ ክንድ በአንድ ጣት መወዛወዝ አለበት። የፊተኛው ተወዛወዘ። የኋለኛው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፤ ስንገፋው ጮኸ። የግሪስ መግቢያውን ጡት ጋሼ በሹል ሽቦ ነኩት። ውስጡ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከውጭ ግሪስ ሲሰጠው ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ውስጥ የገባ ግን የለም።

ክንዱ የሚዞርበትን ዘንግ በእንጨት መዶሻ፣ ትንሽ በትንሽ፣ እያዞሩ አወጡት። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሲወጣ በአንድ ጎኑ ቁመቱን ሙሉ ቀይ የዝገት መስመር ነበረበት፤ በሌላው ጎን ብረቱ እንደ አዲስ ያበራል። ውሃው የገባው ከታች ነው፣ የቆመውም እዚያው ነው። ዘንጉ የሚገባበትን ቡሽ በካሊፐር ለኩት፤ በአንድ አቅጣጫ ክብ፣ በሌላው ሞላላ። ዘንጉ ሲደርቅ ቡሹን በልቶታል።

አዲሱ ቡሽ የገባው በመዶሻ አይደለም። ጋሼ በሞርሳ መንጋጋ መካከል አደረጉት፣ ቀጥ ማለቱን በሁለት በኩል በዓይን አዩ፣ እጀታውን በሩብ ዙር በሩብ ዙር አዞሩት። ጠርዙ ከክንዱ ፊት ጋር እኩል ሲሆን አቆሙ። አዲሱን ዘንግ በደረቁ ሞከሩት። በአውራ ጣት ሲገፉት ገባ፤ ወደ ጎን ሲነቀንቁት አልተንቀሳቀሰም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ልኩ። ከዚያ ግሪስ ቀቡት፤ በአዲሱ ጡትም በሌላኛው ጫፍ ንጹሕ ግሪስ ወጥቶ እስኪታይ ሞሉት።

ቀበቶው አዲስ ሆነ። በፋብሪካው ቀዳዳ ላይ ነው ያሰሩት፣ ማሳጠርም ማስረዘምም ሳያስፈልግ። ጫማዎቹም ተቀየሩ፤ ሾኮቹና ሞላዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሐዲዱ ወደ ሰንሰለቱ ውስጥ ሲመለስ አራቱ ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ገቡ፤ አራቱም ክር ሳይይዙ አንዱም አልጠበቀም።

የሰንሰለቱ ውጥረት በስሜት አይታወቅም። ከታችኛው ዝርጋታ ላይ 4.5 ኪሎ የሚመዝን ብረት አንጠልጥለው፣ በጫማውና በቅንጥቡ መካከል የተከፈተውን ክፍተት በመመሪያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። በጣም የተወጠረ ሰንሰለት ጫማን ይበላል፤ በጣም የላላ ደግሞ ጥርስ ይዘልላል። ቀጥሎ ኋላው ከመሬት ተነሥቶ ሞተሩ በዝግታ ሰንሰለቱን አዞረው። ጋሼ ከኋላ አልቆሙም፤ ከተሰበረ ጥርስ የሚወረወር ነገር ይኖራልና በጎን ሆነው አዩ። ሰንሰለቱ በትንሹ ወደ ግራ አዘነበለ። ሞተሩ ጠፋ። የግራውን መወጠሪያ ብሎን ሩብ ዙር አጠበቁ። ሞተሩ ተነሣ። በሐዲዱና በቅንጥቡ መካከል ያለው ብርሃን ግራና ቀኝ እኩል ሆነ። የመቆለፊያውን ዳዶ አጠበቁና እንደገና አዩት፤ ዳዶ ሲጠብቅ ብሎን ይዞ ሊዞር ይችላል።

የሞላውን ማስተካከያ ከሦስቱ ፊቶቹ ለስላሳው ላይ መለሱት። መከላከያውን አነሡ፣ በእጃቸው እየተከተሉ ለቀቁ፣ ለኩ። ተጫኑት፣ ተዉት፣ ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በታች ነው። እኔ ወንበሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ ማሽኑ ከሥሬ ዝቅ አለና ያለ ድምፅ ቆመ።

ጋሼ ሁለቱን ቁጥሮች በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፉ። የድሮውን ዘንግ በጨርቅ ጠርገው ለባለቤቱ አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ዝገቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ።