ለቁርጥ ያማረ፣ ለበርገር የማይሆን

ካዛንቺስ ውስጥ ሥጋ ቤት ገብቶ «ጥሩ ሥጋ ስጠኝ» ያለ ሰው ምን እንደሚቆረጥለት የታወቀ ነው፤ ጅማት ያልነካው ቀይ ሽንጥ ወይም ታናሽ፣ ጮማ ጣል ተደርጎበት። ሌሊት የታረደ፣ ጠዋት የተሰቀለ። ለቁርጥ ከዚህ የተሻለ የለም። ለበርገር ግን ያው ሥጋ ተፈጭቶ ምጣድ ላይ ሲያርፍ ይጨማደዳል፣ ይደርቃል፤ ደንበኛውም ሶስ ይጨመርልኝ ይላል። ሶስ የሚጠይቅ ሰው ሲበዛብኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሥጋውን ነው።

እኔ የምገዛው ፍሪምባና ወርች ነው። ሥጋ ቆራጩ ሰሞኑን ለምዶኛል እንጂ መጀመሪያ ላይ፣ «ሼፍ፣ ፍሪምባ እኮ ለቅቅል ነው፤ ዳቢት ላውርድልህ» እያለ ያስቸግረኝ ነበር። አልፈርድበትም። የሥጋ ቆራጭ ዐይን የሚመርጠው ጥርስን እያሰበ ነው፤ ጥሬ የሚበላ ሥጋ ለጥርስ መሸነፍ አለበት። በርገር ላይ የጥርሱን ሥራ መፍጫው ይሠራዋል። ስለዚህ ለስላሳነት መግዛት ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። እግርና ደረት በሬው በሕይወት ሳለ ሲሠሩ የኖሩ ጡንቻዎች ናቸው፤ ጥንካሬያቸው መፍጫው ውስጥ ይቀራል፣ ጣዕማቸው ግን አብሮ ይወጣል። ጭቅና ሥራ የማያውቅ ሥጋ ነው፤ ይለሰልሳል እንጂ የሚናገረው ብዙ የለውም። ከወርቹ የማወጣው ወፍራሙንና የሚያብለጨልጨውን ጅማት ብቻ ነው፤ እሱ መፍጫው ምላጭ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋውን ከመቁረጥ ይልቅ ያላምጠዋል። ወርች ላይ አንዳንድ ጊዜ በቢላ የተሰነጠቀ ቦታ ይታያል። ባለማወቅ የተበላሸ ሥጋ የሚመስለው አለ፤ ቄራ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የኮሶ ትል እጭ ሲፈልግ ከሚቆርጣቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ነው። ምላስ፣ ልብና መንጋጋም እንዲሁ ይፈተሻሉ።

ዋናው ነገር ግን ጮማው ነው። ከተፈጨው 10 ኪሎ ውስጥ 2 ኪሎ ያህሉ ጮማ ካልሆነ በርገር አይባልም። የኛ ሻኛ ያለው በሬ ስቡን የሚያከማቸው ከቆዳው ሥር፣ ሆዱ ውስጥና ሻኛው ላይ ነው፤ ጡንቻው ውስጥ እንደ ጃፓኑ ዋግዩ ተበትኖ አይገኝም። ስለዚህ ጮማውን ለብቻው መምረጥ የኛ ሥራ ነው። ሥጋ ቤት ስገባ ቁራሽ ጮማ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መሐል አድርጌ አሻለሁ። የፍሪምባ ጮማ ከጣት ሙቀት ብቻ ይለዝባል፣ ቅባቱ ቶሎ ይወጣል። ሞራ ግን ይፈረፈራል እንጂ አይቀልጥም፤ በርገሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ላንቃ ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ሞራ የሚሞጀርበት በርገር ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ይታወቃል። ሻኛ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀዩና ነጩ ተደራርቦ የተገኘበት ቦታ ነው። ችግሩ ለቁርጥ የሚመጣውም ዐይኑ እዚያው ላይ መሆኑ ነው፤ ዋጋው ስለማይቀመስ ለበዓል ሰሞን ካልሆነ አልነካውም።

የጮማውን ቀለም በተመለከተ ብዙ ሰው ነጩን ይመርጣል። እኔ ቢጫውን አልንቅም። ሣር ሲግጥ የኖረ ወይም ዕድሜው የገፋ በሬ ጮማው ቢጫ ይላል፤ ፉርሽካና ፋጉሎ እየተሰጠው በረት ውስጥ የደለበው ይነጣል። የመጀመሪያው ሽታው ጠንከር ይላል፣ ሁለተኛው ይለዝባል። የሐረር ሰንጋ ሲገኝ ግን አልከራከርም። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን አስሮ የማሽላና የበቆሎ ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው፤ ያ ድካም ጮማው ላይ ይታወቃል።

የምሸሸው ጥቁር ሥጋን ነው። አዲስ የተቆረጠ ሥጋ መጀመሪያ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ አየር ሲነካው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፍም ይመስላል። ጊዜ ተሰጥቶት ያልቀላ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ በሬው ደክሞ ታርዷል ማለት ነው። ከቦረና አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አይሱዙ ላይ ቆሞ የመጣ ከብት ሳያርፍና ሳይበላ ከታረደ ጡንቻው ውስጥ የነበረው ኃይል ያልቃል፣ ከእርድ በኋላ የሚፈጠረውም አሲድ ያንሳል። እንዲህ ያለው ሥጋ ቶሎ ይበላሻል፤ ተፈጭቶ ማደርማ አይታሰብም።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ አለ። «ትኩስ ነው» የሚለው የሥጋ ቤት ምስጋና ለኔ ማስጠንቀቂያ ነው። ትኩስ ሥጋ ሲፈጭ ጮማው ይቀባባል፤ ከመፍጫው የሚወጣው ወጥ የሆነ ሮዝ ሊጥ ነው። ፍሪጅ ያደረ፣ ከመፈጨቱ በፊትም ጠርዙ እስኪደድር ፍሪዘር የገባ ሲሆን ግን ቀዩ ከነጩ ተለይቶ ክር ክር እያለ ይወርዳል። ማክሰኞ የገዛሁትን ሐሙስ ነው የምፈጨው። ረቡዕ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ለገበያውም ይስማማል፣ ለሥጋውም ማረፊያ ነው። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ከጠፋ ግን ያን ቀን በርገር የለም እላለሁ እንጂ አላጣጥመውም።

የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም እርድ የሚለው በኛ አገር ከጥራት ጥያቄ አይለይም። ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ለምሳ የሚወጣው ሰው ከየአገሩ ነው፤ የሰፈሩም ልጅ እንደዚያው ድብልቅ ነው። ከሁለቱም ገዝቶ አንድ መፍጫ ውስጥ የሚከት ሁለቱንም ያታልላል። የምገዛው ከአንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነም በር ላይ ተጽፏል።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ከሰፈሩ ጋር የሄዱ ሥጋ ቤቶች አሉ። አዲስ ሥጋ ቆራጭ መልመድ ቀላል አይደለም፤ ዐይኑን ከቁርጥ ወደ በርገር እስክታዞረው ወራት ይወስዳል። ጠዋት በመጣሁ ቁጥር ሽንጥ እያወረደ የሚጠብቀኝ አሁንም አለ።

ከደንበኞቼ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ አበሳሰሉ። «ማታ ጥሬ ሥጋ ስበላ ያመሸሁ ሰውዬ አሁን በርገር አሮብኝ ልብላ?» ይሉኛል። ነገሩ ያስቃል፣ እውነትም አለበት። ግን ቁርጥ ሲሆን ቢላው ከሙዳው ላይ ይቆርጣል፤ ከእጅ፣ ከመስቀያና ከጠረጴዛ የመጣው ጀርም ላይ ላዩን ነው ያለው። መፍጫ የላዩን መሐል ይከተዋል፣ ሥጋውም ለሰዓታት ይቀመጣል። አሜሪካ ውስጥ በ1993 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በሚባሉ በርገር ቤቶች በደንብ ካልበሰለ የተፈጨ ሥጋ በመጣ ባክቴሪያ አራት ሕፃናት ሞተዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታመዋል። ስለዚህ መሐሉ 71 ዲግሪ ሳይደርስ ከምጣድ አላወርድም። ጮማው በልኩ ከሆነ በዚያም ሙቀት አይደርቅም። ጨው የምነሰንሰው ምጣዱ ላይ ሊያርፍ ሲል ነው፤ ቀደም ብሎ የተለወሰ ሥጋ ተያይዞ ቋሊማ ቋሊማ ይላል።

ለብለብ በርገር ካልሆነ ብሎ ለሚከራከረኝ ማዶ ያለውን ክትፎ ቤት አሳየዋለሁ። አንዳንዱ ተነሥቶ ይሄዳል።