ሾፌሩ ዝግጁ ነው ወይስ ብልህ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት የዴሊቨሪ አፕ ነበረው። በእንግሊዝኛ የተሠራ ነው፤ ወደ ስፓኒሽም ይተርጎም ተባለ። እኔ ደግሞ ኮድ መደጋገም አልወድም። ስለዚህ «ሾፌሩ ዝግጁ ነው»፣ «ሱቁ ዝግ ነው»፣ «ዕቃው ከባድ ነው» የሚሉትን ሁሉ አንድ ቴምፕሌት ውስጥ ጠቀለልኳቸው፦ ስም፣ «ኢዝ»፣ ቅጽል። ተርጓሚዋ እጅ የገባው ብቻውን የቆመ «ኢዝ» ነበር። እሷም «ኤስ» ብላ መለሰችው። ምን ታድርግ? ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ለስፓኒሽ ተናጋሪ «ሾፌሩ ብልህ ነው» የሚል ሆነ። አንድ ደንበኛ «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ምግቤስ?» ብሎ ጻፈልን።

ጥፋቱ የተርጓሚዋ አልነበረም፤ የኔ ነበር። የእንግሊዝኛው «ቱ ቢ» ስፓኒሽ ሲደርስ አንድ ሆኖ አይቀጥልም፤ በዋናነት ሴር እና ኤስታር በሚባሉ ሁለት ግሶች ይከፈላል። «ሊስቶ» የሚለው ቅጽል ከሴር ጋር ሲሄድ ብልህ፣ ከኤስታር ጋር ሲሄድ ዝግጁ ማለት ነው። «ቬርዴ» ከሴር ጋር አረንጓዴ፣ ከኤስታር ጋር ያልበሰለ። «አቡሪዶ» ከሴር ጋር አሰልቺ ሰው፣ ከኤስታር ጋር የሰለቸው ሰው። እንግሊዝኛ ሳይወስን የሚያልፈውን ስፓኒሽ ወስን ይልሃል።

የመማሪያ መጻሕፍቱ ለዚህ አንድ አቋራጭ አላቸው፦ ለቋሚ ነገር ሴር፣ ለጊዜያዊ ኤስታር። ብዙም አያስኬድም። ስፓኒሽ «ሞቷል» የሚለው በኤስታር ነው። ከሞት የበለጠ ቋሚ ነገር ምን አለ? ቦታን በኤስታር ግለጽ የሚለውም ያዳልጣል፤ ወንበሩ ቤቴ መኖሩን በኤስታር እናገራለሁ፤ ድግሱ ቤቴ መሆኑን ግን በሴር።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለት ግስ ስናይ ደስ ይለናል፤ «ነው» እና «አለ» አሉና። ሴር «ነው»፣ ኤስታር «አለ» ብለን እንጀምራለን፤ በሁለተኛው ቀን እንወድቃለን። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። ከላይ ያሉትን ምሳሌዎች ወደ አማርኛ መልሳቸው፦ ብልህ ነው፣ ተዘጋጅቷል። አሰልቺ ነው፣ ሰልችቶታል። እብድ ነው፣ አብዷል። ከቅጽል ጋር ሲመጣ ኤስታር ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚህ ነው፤ የሆነ ነገር ደርሶ አሁን ያለንበትን ሁኔታ በሚናገረው የግስ መልክ። ሞትም እዚያው ነው፦ ሞቷል። ሕግ አልለውም፤ ግን ከመጽሐፉ አቋራጭ የተሻለ ያደርሳል።

አሁን ከሾፌሩ ወደ ልዑሉ እንሂድ። ሐምሌት ብቻውን ቆሞ የሚናገረው ዝነኛ ንግግር የሚጀምረው በዚሁ በ«ቱ ቢ» ነው፤ እሱም ቅጽል የለውም፣ ቦታ የለውም። የኔ ቴምፕሌት ችግር በሼክስፒር እጅ! ሌአንድሮ ፌርናንዴስ ዴ ሞራቲን እ.ኤ.አ. በ1798 ተውኔቱን በቀጥታ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ ሲመልስ ሴርንም ኤስታርንም ትቶ «ኤክሲስቲር» የሚለውን ግስ መረጠ፤ ህልውና ላይ መገኘት እንደማለት። ሰውየው ሥርዓት ወዳድ ጸሐፊ ነበር፤ በማስታወሻዎቹ ሼክስፒርን ሕግ ጣሰ እያለ ይገስጸዋል። ምርጫውም እሱን ይመስላል። አሻሚውን ነገር አይቶ ግልጽ አደረገው። ንግግሩ ቀጥሎ ስለ ሞት ስለሚያወራ ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

ግን ዋጋ አስከፍሎታል። «ቱ ቢ» ዳቦ የሚገዛ ሁሉ የሚናገረው ግስ ነው፤ ኤክሲስቲር የፈላስፋ ቃል ነው። ደግሞም ጥያቄውን አጠበበው። ሐምሌት የሚጨነቀው መኖር ልሙት በሚለው ብቻ አይደለም፤ ልጅ ነኝ? ተበቃይ ነኝ? ወሬ ብቻ ነኝ? እያለም ነው። ኋላ ስፓኒሽ የለመደው «ሴር» ይህን ይይዛል። ሴር ብቻውን ሲቆም ሰሚውን «ምን?» ያሰኛል፤ ጎደሎ ነው። ሐምሌትም ባዶ ቦታውን መሙላት ያቃተው ሰው ነው። ለኔ ጎደሎው ግስ ከሙሉው ይበልጣል።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ጥያቄውንም ሁላችን የለመድነው «በመሆን» ነው። እሱም «ምን?» የሚያሰኝ ግስ ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ «ምን ሆንክ?» ስንል ያለው መከራ አለበት። በዚህ ከሴርም ያልፋል። ቢሆንም «መኖር»ም ይቆጨኛል። «አለ» የሚለው ግስ ወደ ንዑስ አንቀጽ ሲዞር «መኖር» ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ቃል መገኘትም በሕይወት መኖርም አለ። «አባትህ አሉ?» ብለን የምንጠይቀው ፈራ ተባ እያልን ነው፤ ቤት አሉ ወይ ማለት ላይሆን ይችላል። የሐምሌት አባት የሉም፤ ግን በሌሊት ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አለ እንበል የለም? ይህን ጥያቄ ሴርም ኤክሲስቲርም እንዲህ አድርገው አይጠይቁትም።

ያን ቴምፕሌት በኋላ አፈረስኩት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ለተርጓሚዋ ሄደ፤ ሾፌሩ በስፓኒሽ ኤስታር አገኘ። የአማርኛውን ፋይል ስጽፍ እኔም ቅጽሉን ተውኩት፦ «ሾፌሩ ተዘጋጅቷል»።