ጣትን ማንሳት

ወላይታ ውስጥ፣ ዱቦ ላይ ሠርግ የሚታወቀው ገና ከሩቅ በኪቦርዱ ነው። ከአረካ በባጃጅ የሚመጣ እንግዳ ድንኳኑን ከማየቱ በፊት ምቱን ይሰማል። ድምፁ እንሰቱን ያልፋል፣ የጎደሬውንና የዝንጅብሉን ማሳ ያልፋል፣ ነፋስ ካገዘው እስከ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ይደርሳል። ኦርጋኒስቱ ጠዋት ስታይሉን፣ ኪቦርዱ በራሱ የሚመታውን አጃቢ ምት፣ ያበራዋል፤ ምቱም ሙሽሮቹ እስኪሸኙ ድረስ አይቆምም። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ያን ኪቦርድ ስነካ ኖሬያለሁ። የተማርኩት መዘምራን ውስጥ ነው፤ የበላሁበት ግን በየሠርጉ ነው።

አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አያት ተነሡ። ማይክ አልያዙም። ዓይናቸውን ጨፍነው በወላይትኛ የድሮ ዜማ ጀመሩ። እኔ ደስ አለኝ፤ ድምፃቸውን ፈልጌ ያዝኩና ኮርድ ጨመርኩላቸው፣ ብራስ ጨመርኩላቸው፣ ስታይሉንም በእሳቸው ልክ ቀነስ አደረግሁት። ሁለት ስንኝ ሳይሞሉ አቆሙ። መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ሄደው ተቀመጡ። እኔ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። ማታ ገመድ ስጠቀልል ነው ነገሩ የገባኝ። እኚህ ሰው ዜማውን ሲያወጡ በየስንኙ መሐል ረዘም ያለ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ዜማው የቆመው በዚያች ዝምታ ላይ ነው። እኔ ደግሞ እሷን እየጠበቅሁ በብራስ ስሞላት ነበር።

የኦርጋኒስቱን የኃይሉ መርጊያን «የኔ ምርጫ» የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። አንድ የሶዶ ወዳጄ በስልኩ አሰማኝ። ስድስት ዘፈን ብቻ ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አልበም ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ «ሰሜን እና ደቡብ» ስለሆነ፣ እኔም የደቡብ ልጅ ስለሆንኩ፣ መጀመሪያ የጠበቅሁት የእኛን አገር ምት ነበር። ይዞኝ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ኦርጋን ላይ ተቀምጠው ይተነፍሳሉ።

ኦርጋን የማይተነፍስ ዕቃ ነው። ይህን ያልነካው ሰው ላያስተውለው ይችላል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ሳንባው ሲያልቅ ግድ ያቆማል። የክራር ድምፅ ክሩ ሲመታ ይወለድና ወዲያው እየሞተ ይሄዳል። መሰንቆ ደጋኑ ጫፍ ሲደርስ መመለስ አለበት። ኦርጋን ግን ጣትህ ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ያው ድምፅ በዚያው ጉልበት ይቀጥላል፤ መብራት እስካልጠፋ ድረስ የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ የኦርጋኒስት ትልቁ ውሳኔ የትኛውን ቁልፍ ልጫን የሚለው አይመስለኝም። መቼ ጣቴን ላንሣ የሚለው ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ እኔም ለተማሪዎቼ አላስተማርኩም ነበር።

ጋሽ ኃይሉ ይህን ከየት አገኙት ብዬ ብዙ አሰብኩ። መልሱ ከመጀመሪያ መሣሪያቸው ያለ ይመስለኛል። በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልደው በአሥር ዓመታቸው አዲስ አበባ የገቡት እኚህ ሰው፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው በራሳቸው የተማሩት አኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮን ኪቦርድም ሳንባም ያለው ዕቃ ነው። ቀኝ እጅ ቁልፉን ይጫናል፣ ወናፉ ደግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወናፉ አልቆ ሊዞር ሲል ዜማውም አብሮ ሐረጉን መዝጋት አለበት፤ አለዚያ ድምፁ ቃል መሐል ላይ ይቆረጣል። ልጅነቱን በዚህ ያሳለፈ እጅ በኋላ ሃሞንድ ኦርጋን ቢሰጡት፣ ሙግ ሲንተሳይዘር ቢሰጡት፣ የሌለውን ወናፍ መቁጠሩን አይተውም። በ2018 ያወጡት «ላላ በሉ» ላይ አኮርዲዮኑን ራሱን ይጫወቱታል፤ አልበሙን የሚዘጋው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ፒያኖ ብቻ ነው፣ ከበሮም ቤዝም የለበትም። ሁለቱን አስከትዬ ስሰማ እጁ አንድ ነው፤ ፒያኖው ላይም ወናፉ ሲዞር ይሰማኛል።

ስለ አንድ ሙዚቀኛ ተጽዕኖ ስናወራ ብዙ ጊዜ የሰማቸውን ሰዎች ስም እንደረድራለን። ጋሽ ኃይሉም ሲጠየቁ ጂሚ ስሚዝን ይጠራሉ፤ አሜሪካዊው የሃሞንድ ጌታ። ከአስመራ የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ሙዚቃ በአየር ላይ ይመጣ የነበረበት፣ የጄምስ ብራውንና የቡከር ቲ ሸክላ አዲስ አበባ ላይ ከእጅ እጅ ይዞር የነበረበት ዘመን ነው። የጋሽ ኃይሉ ባንድ፣ እነ ዋሊያስ፣ ፈንኩን የወሰዱት ከዚያ ነው። ግን ፈንክ ራሱ ከምን እንደተሠራ ልብ ብላችሁ ስሙት። ቤዙ የመጀመሪያውን ምት ይመታና ዝም ይላል። ጊታሩ ያችን ዝምታ በአጭር ጭረት ይነካካታል። ኦርጋኑ ከኋላ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። ሰውን የሚያስነሣው በምቶቹ መሐል የቀረችው ክፍት ቦታ ናት፤ ወገብ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ውስጥ ነው። አኮርዲዮን የተማረ ልጅ ፈንክን ሲሰማ እንግዳ ነገር የሰማ አይመስለኝም።

በ1977 ዋሊያስ «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ቀዱ። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ይዞ አለበት። ዘፋኝ የለበትም። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ግጥም በሳንሱር ያልፋል፣ ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ባንዱ ይሠራበት በነበረው ሒልተን ሰው ሰዓት እላፊው ከያዘው እስኪነጋ ውስጥ ይቆይ ነበር፤ ሙዚቃውም አብሮት ያድራል። እስኪነጋ የሚጫወት ባንድ ሁሉን ነገር በመጀመሪያው ሰዓት አይናገርም። አድማጩም የሚታወቅ ዜማ ያለ ቃል ሲሰማ ቃሉን በሆዱ ይሞላዋል። ያን ቃል ማንም ሳንሱር አላደረገውም።

እዚህ ላይ ስለ «ባይኔ ላይ ይሄዳል» ትንሽ ልቆይ፤ «የኔ ምርጫ» ላይ ከሁሉ የምመላለስበት እሱ ነው። ዘፈኑ የአስናቀች ወርቁ ነው፤ የክራር ዘፈን ነው። የክራርን ዜማ ወደ ኦርጋን ማዞር ወጥመድ አለው። ክራር ላይ አንዱ ድምፅ እየጠፋ ሳለ ሌላው ይመጣል፤ መሐሉ ላይ አየር አለ። ያንኑ ዜማ ኦርጋን ላይ በቀጥታ ከተጫወትከው አየሩ ይጠፋና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመስላል። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ እንደዚያው ሆነብኝ። ጋሽ ኃይሉ አንዳንዱን ድምፅ ነክተው ይለቁታል፣ ክር እንደመቱ። ሐረጉ መጨረሻ ላይ ያለውን ግን ይዘው ያቆዩታል፤ አስናቀች በድምጿ ትጎትተው የነበረውን ማለት ነው። አንድ ቀኝ እጅ ክራሩንም ዘፋኟንም ይዟል። ከሥር የአለምሰገድ ከበደ ቤዝና የኬኔት ጆሴፍ ድራም ቦታውን ጠብቀው ይቆማሉ፤ ማንም ማንንም አይረግጥም። በአልበሙ ላይ የሰጠኝ አጣናው መሰንቆም አለ፤ መሰንቆው ሲገባ ኦርጋኑ ሸርተት ብሎ ቦታ ይለቃል። ሰባ ዓመት ያለፈው አዛውንት፣ የባንዱ መሪ፣ ስሙ ሽፋኑ ላይ ያለ ሰው በራሱ አልበም ላይ ቦታ ሲለቅ መስማት ለእኔ ትምህርት ነው። «ሸመንደፈር»ም እዚያው አለ፤ የቴዲ አፍሮ ነው። ሰውየው ከልጅነታቸው ዜማ ብቻ አልጠጡም፣ ከልጆቻቸው ትውልድም ወስደዋል።

በዚያ ሠርግ ላይ ለሠራሁት ጥፋት ሰበብ ፈልጌ ስታይሉን ልወቅስ ቃጥቶኝ ነበር። ማሽን ስለሆነ አይተነፍስም፣ እኔ ምን ላድርግ ልል ነበር። «ሸሞንሟናዬ» የተባለው የጋሽ ኃይሉ ካሴት ያን ሰበብ ወሰደብኝ። ጋሽ ኃይሉ በ1981 ከዋሊያስ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ከቀሩት አንዱ ናቸው። በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ያን ካሴት ሠሩት፤ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ፣ ያማሃ ዲኤክስ ሰባት፣ አኮርዲዮን፣ ከሥሩ ደግሞ ድራም ማሽን። እኔ ሠርግ ላይ ካለኝ ዕቃ የተለየ ነገር የለውም። ማሽኑ ሳይደክም ይመታል፣ አኮርዲዮኑ ከላዩ ሲተነፍስ ግን ማሽኑም የሚተነፍስ ይመስላል። ያ ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ሲታተም ሠሪው ታክሲ ነጂ ነበሩ።

ስለ ታክሲው ብዙ ተወርቷል፤ እንደ ተረት። እኔ የማስበው ስለ ኪቦርዱ ነው። በዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቁ ሳለ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ ዘግተው ይነዳሉ፣ ተመልሰው ይከፍታሉ። ሰሚ የለም፣ ባንድ የለም፣ የሚጠብቅ ሠርግ የለም። እኛ አገር ልምምድ የሚባለው ሥራ ሲገኝ ነው፤ ከሠርጉ አንድ ቀን በፊት። እኔም ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። አሁን ግን ከአረካ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ በጭኔ ላይ በጣቶቼ እሠራለሁ፤ ድምፅ ስለሌለው ማንሣቱን ብቻ ነው የምለማመደው።

ስለ ቅኝትም አንድ ነገር ልበል። «ላላ በሉ» ላይ «አንቺሆዬ ለኔ» አለ። አንቺሆዬን ከሲ ብንጀምረው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል። ከአምስቱ ድምፆች አራቱ ሁለት ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠጋጋሉ፣ መሐላቸው ሰፊ ክፍተት አለ። ይህ ቅኝት ከኮርድ ጋር አይስማማም፤ ተደርቦበት ሲመጣ ይቆጣል። ብዙዎቻችን ኮርዱን አስገድደን እንጭነዋለን። ጋሽ ኃይሉ ግራ እጃቸውን ያሳርፉታል፤ ዜማው በራሱ ክፍተት ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው ድፍረት የሚለው ብዙ መጫወትን ነው። እኔ ለዚህኛው ነው ድፍረት የምለው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ደቡቦች እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ደራሼዎች ፊላ የሚሉትን ዋሽንት ሲነፉ እያንዳንዱ ሰው አንድ ዋሽንት፣ አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል። ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ሳይደርስ ዝም ይላል፤ ዜማው የሚወለደው ከሰው ወደ ሰው ሲዘል ነው። ማንም ብቻውን ሙሉ አይደለም። ያደግሁበትም ዜማ ቢሆን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ በመሐል ያለው ዝምታ የተቀባዩ ነው። ኪቦርዱ ሲመጣ አውጪውንም ተቀባዩንም ጠቅልለን አንድ ሰው እጅ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ሠርገኛው ጨፋሪ ብቻ ሆነ፣ ዘፋኝነቱ ቀረበት። እኔ የምቆጨው በዚህ ነው። መሣሪያው ጥሩ ነው፣ አልጥለውም። እኛ ግን ቦታ አልለቀቅንም።

ባለፈው መስከረም፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሰሞን፣ ከአንድ ተማሪዬ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጣቱ ከእኔ ይፈጥናል። ያኔ አያትየው ሠርጉ ላይ የጀመሩትን ዜማ አስጠናሁት፤ ቀኝ እጅ ብቻ።

«ጋሼ፣ ስታይሉን ላብራው?» አለ።

«ቆይ፣ ከትንፋሹ ጋር ተጫወተው» አልኩት። «ሐረጉ ሲያልቅ ጣትህን አንሣ፣ ራስህ ትንፋሽ ውሰድ፣ ከዚያ ጀምር።»

ሦስቴ ሞከረው። ሁለቱን ጊዜ ዝምታው አስፈራውና ቸኩሎ ገባ። በሦስተኛው አነሣ፣ ቆየ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እንሰት እየፋቁ ነበር፤ ለበዓሉ ቆጮ። ያችን ባዶ ቦታ ሰምተው ነው መሰለኝ ሥራቸውን ሳያቆሙ ቃሉን በወላይትኛ አወጡት። ልጁ ደንግጦ አየኝ፤ እጁ ኮርድ ሊጨምርላቸው ወደ ቁልፉ ሄደ። አንጓውን ያዝኩት። እማማ ስንኙን ጨረሱ፣ ትንፋሽ ወሰዱ።

«አሁን» አልኩት፣ ለቀቅሁትም።