«አገር ስጠኝ»
በጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚፈጠሩ አገሮች አንዳንድ ነገሮች
(ከማሕሙድ ሃይቤ፣ ሀርጌሳ)

እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት ልጅ ምን ይባላል? «አገር ስጠኝ» ይባላል። እሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ ይገባና ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን እንደተቀበለው ያወራል፤ መልሱ የጠፋበትን ልጅ እንደልቡ ይሰድበዋል፤ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጎንደርን የሰጠው ልጅ ጎንደርን አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ የተቀበለውም እንዲሁ። አገሩ የተሠራው እዚያው በአፍ፣ በሁለት ልጆች መካከል ነው።

ዛሬ የምጽፈው ከዚህ ጋር ስለሚቀራረብ አንድ የፈረንጅ ጨዋታ ነው። አስተማሪዎች ለቋንቋ ክፍል ይጠቅማል ሲሉ እንሰማለን። እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ነገር ግን ጨዋታው አገር ይዞ ነው የሚመጣው፤ አገሩ ደግሞ መመርመር አለበት።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ አጫዋች ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ ካህን። የገጸ ባሕርዩ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ሰውን የመሳብ ኃይል በቁጥር ይጻፋል። አጫዋቹ «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል። መሳካቱ ካጠራጠረ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወረወራል፤ በወጣው ቁጥር ላይ ከችሎታው የሚያገኘው ይደመራል፤ ድምሩ አጫዋቹ ከወሰነው ቁጥር ከደረሰ ይሳካል። እንደ ሉዶ አንዱ አሸንፎ ሌላው ተሸንፎ አይነሳም። ታሪኩ ይቀጥላል፣ በቃ።

እንግዲህ ደንቡ አጥንት ነው ብንል ሥጋው አገሩ ነው። ከታወቁት አገሮች አንዱ ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ በልጅነቱ የጀመረውና በ1987 ለዚህ ጨዋታ የታተመው ፎርጎተን ሪልምስ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ ቹልት የሚባል ልሳነ ምድር አለ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ የጥቁር ሕዝብ አገር። በ2017 የወጣው «ቱም ኦቭ አናይሂሌሽን» (እኛ «የጥፋት መቃብር» እንበለው) ታሪኩን ያደረገው እዚህ ቹልት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ መልካሙን እንናገር። በመጽሐፉ ውስጥ ፖርት ኛንዛሩ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ሰባት ነጋዴ መሳፍንት ያስተዳድሯታል፤ ገበያ አላት፤ በመንገዷ ላይ የጥንት ግዙፍ እንስሳት እንደ ፈረስ እሽቅድምድም ይሮጣሉ። ተጫዋች እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ይከፈታል። የታሪኩ መነሻም የሚይዝ ነው፦ በዓለም ላይ አንድ ጊዜ ሞተው የተነሱ ሰዎች ሁሉ እየመነመኑ ነው፤ ምክንያቱም ከጫካው ውስጥ ተቀብሯል። ልጅ ይህን ሰምቶ «ከዚያስ?» ሳይል አይቀርም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ተጫዋቾቹ የሚመጡት ከውጭ መሆኑ ላይ ነው። መጽሐፉ በሩቅ ከተማ ያሉ ጀግኖችን በአስማት አንስቶ ቹልት ላይ ያወርዳቸዋል። እዚያ ሲደርሱ መንገድ መሪ ይቀጥራሉ። ጫካው በሽታ፣ አውሬና የሚንቀሳቀስ ሬሳ ይዞ ይጠብቃቸዋል። የአገሩ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ አስጎብኚ ነው፣ ወይ ሻጭ፣ ወይ ጠላት። ቹልት ተወልዶ፣ ቹልት አድጎ፣ እናቱን ለማዳን የሚወጣ ልጅ መሆን የፈለገ ተጫዋች ሊከለከል አይችልም፤ መጽሐፉ ግን ለእሱ አልተሰናዳም። አገሩ የተሠራው ለሚኖርበት ሳይሆን ለሚጎበኘው ነው።

ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1165 አካባቢ ጀምሮ ቄስ ዮሐንስ ከሚባል የምሥራቅ ንጉሥ መጣ የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ይዞር ነበር። ደብዳቤው ፈጠራ ነው። የከበረ ድንጋይ የሚያወርድ ወንዝ አለኝ፣ በአገሬ ድሃ የለም ይላል። አገሩ መጀመሪያ እስያ ውስጥ ተፈለገ፤ ሲታጣ ኢትዮጵያ ናት ተባለ። በ1520 ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከመልክተኞች ጋር አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆየ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አየ፤ አንበጣ እህል ሲጨርስ አየ፤ ያየውንም ጻፈ። በ1540 ሊዝበን ላይ መጽሐፉ ሲታተም ግን ርዕሱ አሁንም «የቄስ ዮሐንስ አገር» የሚል ነበር። ሰውዬው እውነተኛውን አገር አይቶ ተመልሷል፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ግን የፈጠራው አገር ስም ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው የሠራልህ አገር በቀላሉ አይለቅህም።

አሁን ወደ ቹልት እንመለስ። ከመጽሐፉ ጠላቶች አንዱ ራስ ንሲ ይባላል። ጥንት የአገሩ ጠባቂ የነበረ፣ ኋላ ሙታንን አስነስቶ ጦር የመራ፣ በመጨረሻም ወደ እባብነት የተለወጠ መሪ ነው። ለኛ ጆሮ «ራስ» የሚለው ስም ብቻ አይደለም። ራስ አሉላ ስንል፣ ራስ መኮንን ስንል፣ ማዕረጉ ሿሚውን፣ ግዛቱን፣ ነጋሪቱን፣ ግብር የሚያበላውን ሰው ሁሉ አስከትሎ ነው የሚመጣው። እባቡ ራስ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ስሙን ብቻ ይዞ መጥቷል። ተማሪዎቼን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ፦ ማን ሾመው? ከማን ላይ ግብር ይሰበስባል? በአዳራሹ ማን ይበላል፣ ማን ደጅ ይጠናል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያገኙ ጭራቁ ሰው ይሆናል፤ ሰው ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያስፈራል፣ የበለጠም ያጓጓል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በጨዋታው የቆዩ እትሞች ኦርክን የመሳሰሉ ሕዝቦች በጅምላ «ክፉ» ተብለው ተመዝግበዋል። በ2020 አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ይህ አጻጻፍ በእውነተኛው ዓለም ሕዝቦች የተሰደቡበትን መንገድ እንደሚመስል አምኖ እንደሚያስተካክል አስታወቀ። በ2024 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ «ዘር» የሚለው ቃል ቀርቶ «ዝርያ» ተባለ።

ጥሩ ነው። ነገር ግን ቃል መለወጥ ብቻውን ምን ይሠራል? ልጅ የሚማረው ከጨዋታው አካሄድ ነው። «እነሱ» መጡ ሲባል ሳይጠይቅ ሰይፍ የሚመዝ ከሆነ፣ «ዘር» ብንለው «ዝርያ» ብንለው ያው ነው። እኛ ደግሞ ይህን በሩቁ የምናወራው አይደለም። አንድን ሕዝብ በሙሉ ጅብ ነው፣ እባብ ነው ማለት የት እንደሚያደርስ ከዚህ ጋዜጣ አንባቢ ብዙው ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ ኖሮበታል። በአንድ የካምፕ ክፍል ውስጥ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ሶማሌው አብሮ ይቀመጣል። አስተማሪ «በተራራው ማዶ ክፉ ሕዝብ ይኖራል» ብሎ ጨዋታ ቢጀምር፣ ልጆቹ ለዚያ ሕዝብ ስም ለማውጣት አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። እረፍት ሰዓት ላይ ስሙ ከጨዋታው ወጥቶ ሜዳ ላይ ይሰማል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለኛ የሚስማማው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፦ ጠላቱ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ መንፈስ፣ ድርቅ፣ ዕዳ፣ መጥፎ ሕግም ሊሆን ይችላል፤ ሕዝብ ግን አይሆንም።

«እሺ፣ ታዲያ እንዴት ያለ አገር እንሥራ?» ለምትሉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሀርጌሳን እንውሰድ። ከተማዋን ማሮዲ ጄህ የሚባል ወንዝ ይከፍላታል፤ ዝናብ ሲጥል ይወርዳል፣ አለበለዚያ አሸዋ ነው። ከዚህ ተነስተን አንድ አገር እንፍጠር፦ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚወርድ ወንዝ ያለባት ከተማ። ሕጓ እንዲህ ይላል፦ ወንዙ በሞላበት ሌሊት ከቤቱ ማዶ የቀረ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚያ ያገኘው ቤት ሊያሳድረው ይገባል። አሁን እንጠይቅ። ውኃው ባይጎድልስ? እንግዳው አንድ ወር ቢቆይ የሚበላውን ማን ይከፍላል? ጠባቂው እንግዶችን የሚመዘግብበት መዝገብ አለ እንበል፤ አንድ መንፈስ ከመዝገቡ ስም ይበላል፤ ስሙ የተበላበትን ሰው በረኞች አያዩትም። ተጫዋቾቹ የሚያሳድዱት ይህን መንፈስ ነው። ጫካ የለም፣ የሬሳ ሠራዊት የለም፣ ግን ልብ ያንጠለጥላል። ስሙ ከመዝገብ የጠፋበት ሰው ምን እንደሚሰማው ለካምፕ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም መቼም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በ1988 ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ጂጂጋ አጠገብ ያለው ሐርታሼክ በዚያ ዘመን ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ዛሬ ደግሞ እኛ እዚህ ነን። በምንፈጥራት ከተማ ውስጥም አሮጊቷ የቤት ባለቤት በልጅነቷ ከማዶ የተጠጋች እንግዳ ነበረች ብንል፣ አስተናጋጅና እንግዳ ቦታ የሚለዋወጡበት አገር አገኘን ማለት ነው። ቹልት የጎደላት ይህ ነው፤ እዚያ የሚመጣው ሁልጊዜ መጪ ነው፣ የሚቀበለውም ሁልጊዜ ተቀባይ።

ለአስተማሪዎች ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ ተማሪ አገር ፍጠር ሲባል ብዙ ጊዜ ማርና ወተት የሚፈስበት፣ ሁሉ የሚዋደድበት አገር ያመጣል። አትንቀፉት፤ ግን «ከዚህ አገር ሰው ለምን ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ መልሱን ሲሰጥ «ይህ የራስህ ታሪክ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጨዋታ መጋረጃ ነው፤ ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ይናገር። መጋረጃውን የገለጠ አስተማሪ በሚቀጥለው ቀን ዝም ያለ ተማሪ ነው የሚያገኘው።

የመጻሕፍቱ ዋጋ ለኛ ኪስ የሚሆን አይደለም፤ የ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ብቻውን 50 ዶላር ያህል ነው የወጣው። ሆኖም በጥር 2023 ኩባንያው የቆየውን ክፍት ፈቃድ ሊለውጥ ሲል ተጫዋቾች አምርረው ተቃወሙት፤ በዚያው ወር መጨረሻ ዋናውን ደንብ የያዘውን ሰነድ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀ። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ማባዛት፣ ማሳጠር፣ ወደ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ መተርጎም ይቻላል። ቹልትና ራስ ንሲ በዚህ ሰነድ ውስጥ የሉም። አጥንቱ በነጻ ተሰጥቷል፣ አገሩን ራሳችሁ ሥሩ ማለት ነው። ለኛ ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው።

ዳይስ ከሌለ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ሃያ ቁራጭ ወረቀቶች በጣሳ ውስጥ ክተቱ። የወጣውን ወረቀት መልሳችሁ ሳትከቱ ሌላ አታውጡ፤ አለበለዚያ ዕድሉ ይዛባል። የሒሳብ አስተማሪም ሥራ ያገኛል፦ 15 ወይም ከዚያ በላይ የሚፈለግ ከሆነ ከሃያ ወረቀት ስድስቱ ይሠራሉ፣ ማለትም 30 በመቶ። ተጫዋቹ በችሎታው 3 የሚጨመርለት ከሆነስ? ዘጠኙ ይሠራሉ፣ 45 በመቶ።

እንግዲህ የቤት ሥራ እንስጥ። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ገጽ አገር ይጻፍ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ በሩን ማን እንደሚጠብቅ፣ ማታ የደረሰ እንግዳ የት እንደሚያድር ይኑርበት። የፈለጋችሁትን ጭራቅ ጨምሩ፤ ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ ግን። ጽፋችሁ ላኩልን፤ የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ቸር ይግጠመን።